የአምስት ዓመት ውል፦ በእንግሊዝ ሶሊሲተር ለመሆን የተከፈለው ዋጋ

በ1794 የእንግሊዝ ፓርላማ የሕግ ሥራ ለመለማመድ የሚሻ ወጣት በሚፈርመው ውል ላይ የ100 ፓውንድ የቴምብር ቀረጥ ጣለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወጣቱ ገና አንዲት የሕግ ገጽ አልገለጠም፣ አንድም ጉዳይ አልያዘም፤ ውሉ ላይ ቴምብሩ ካልተመታ ግን ልምምዱ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል። የእርሻ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ 30 ፓውንድ እንኳ በማያገኝበት ዘመን ይህ ገንዘብ ምን ማለት እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። በ1815 ቀረጡ 120 ፓውንድ ደረሰ፤ በ1853 ወደ 80 ዝቅ ቢልም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አልቀረም። የሙያው ደንብ በአደባባይ የሚለው “ሥራውን በሥራ ላይ ተማር” ነበር። በተግባር የሚመዝነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማን ተቀበለህ? ማንስ ከፈለልህ? እኔ እንደማየው የዚህ ሙያ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ እውቀትን ከፈቃድ የመለየት ታሪክ ነው። ጉድለቱ በሥራ ላይ መማር ላይ አልነበረም። የመማሪያው ቦታ በአንድ ግለሰብ እጅ መያዙ ላይ ነበር።

ሶሊሲተር የሚለውን ቃል “ጠበቃ” ብለን ብንተረጉመው ግማሹን ብቻ ነው የምንይዘው። በእንግሊዝ አገር በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከረው ከጥንት ጀምሮ በዋናነት ባሪስተር የሚባለው ነው። ሶሊሲተር ደግሞ ባለጉዳዩን ተቀብሎ የሚያነጋግር፣ ሰነዱን የሚያዘጋጅ፣ የቤትና የመሬት ሽያጭ ውል የሚጽፍ፣ ኑዛዜ የሚያስፈጽም፣ የደንበኛውንም ገንዘብ በአደራ የሚይዝ ሰው ነው። በእኛ ቋንቋ “ነገረ ፈጅ” የሚለው ስም ለሥራው ይበልጥ ይቀርባል። ስሙም አንድ አልነበረም፤ በቆዩት የንጉሥ ፍርድ ቤቶች የሚሠራው አተርኒ፣ ቻንስሪ በተባለው ችሎት የሚሠራው ሶሊሲተር፣ በቤተ ክርስቲያንና በባሕር ጉዳዮች ችሎት የሚሠራው ፕሮክተር ይባል ነበር። ሦስቱ በአንድ ስም የተጠቃለሉት በ1875 ነው። በዚህ ጽሑፍ ለሁሉም ሶሊሲተር እላለሁ፤ የሰው ገንዘብና ምስጢር በእጁ የሚገባ መሆኑን ግን አንባቢው እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ሙያው የሚያስገባው በር ጠባብነት ሁልጊዜ ሲሞገትለት የኖረው በዚሁ አደራ ስም ነውና።

ከልምምድ ውል በፊት መንግሥት የሞከረው ሰው መቁጠርን ነበር። በ1292 ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ ዳኞቹ ከየአውራጃው ብቁ ሰዎችን መርጠው እንዲሾሙ ሲያዝ፣ ለአገሩ በሙሉ 140 ይበቃሉ የሚል ግምት ተቀመጠ። በ1402 የወጣው ሕግ ከዚያ የተሻለ አሳብ ይዞ መጣ፦ ዳኞች አተርኒዎችን ይመርምሩ፣ ደግና መልካም ስም ያላቸውን በመዝገብ ያስፍሩ፣ ያስምሏቸው፤ የቀሩት ይሰናበቱ። እዚህ ላይ ፈታኙ በሕዝብ ሥልጣን የተቀመጠ ዳኛ ነው፤ የሚጠየቀውም ብቃትና ጠባይ ነው። ግን ዳኛ የራሱ ሥራ አለበት፣ ፈተናውም ምን እንደሚይዝ የሚናገር አልነበረም። ግማሽ ምዕተ ዓመት እንዳለፈ ፓርላማው ወደ ቆጠራው ተመለሰ። በ1455 በኖርፎክና በሰፎክ አውራጃዎች ቀድሞ ስድስት ወይም ስምንት የነበሩት አተርኒዎች ሰማንያና ከዚያ በላይ ሆነዋል፣ በየገበያውም እየዞሩ ሰውን ለክስ ያነሳሳሉ የሚል አቤቱታ ቀረበ። ሕጉም ለኖርፎክ ስድስት፣ ለሰፎክ ስድስት፣ ለኖርዊች ከተማ ሁለት ብቻ ይሁኑ አለ። ጠብ የሚበዛው በነገረ ፈጅ ብዛት ነው የሚል እምነት በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የሱፍ ንግድ የደራበት፣ መሬት በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት አገር ውል የሚጽፍለት ሰው መፈለጉ የማይቀር ነው፤ ቁጥርን በአዋጅ መገደብ ፍላጎቱን አላጠፋውም።

ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የቆመውን ሥርዓት የዘረጋው የ1729 ሕግ ነው። ማንም ሰው በመዝገብ ለመግባት አምስት ዓመት በጽሑፍ ውል ታስሮ በአንድ አተርኒ ወይም ሶሊሲተር ሥር ማገልገል አለበት፤ ከዚያም ዳኛ መርምሮ ያስገባዋል፤ ይምላል፤ ስሙ ይጻፋል። አንድ ባለሙያ ከሁለት ተለማማጅ በላይ በአንድ ጊዜ አይዝም። ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ከሁሉ ይልቅ ብልህ ናት ብል አላጋነንኩም፤ ቢሮውን የተለማማጅ ገበያ አድርጎ ገንዘብ ሊሰበስብ የሚችለውን ሰው እጅ ታስራለችና። በ1749 ደግሞ ተለማማጁ ዘመኑን በእውነት በሥራው ላይ እንዳሳለፈ በመሐላ እንዲረጋገጥ ተጨመረ። ወረቀቱን ላየው ሕጉ የተሟላ ነው፦ ጊዜም አለ፣ ፈተናም አለ፣ መሐላም አለ። በተግባር ግን የዳኛው ምርመራ ብዙም ሳይቆይ ባዶ ሥነ ሥርዓት ሆነ። ዳኛው የሚያየው ውሉ መፈረሙን፣ መሐላው መቅረቡን፣ አምስት ዓመቱ መሙላቱን ነው። አምስት ዓመት መማር ሳይሆን አምስት ዓመት መቀመጥ በቂ ማስረጃ ሆነ፤ ለአንድ መቶ ዓመት ያህልም እንዲሁ ኖረ።

ታዲያ በእነዚያ አምስት ዓመታት ምን ይሠራ ነበር? ከምንም በላይ መገልበጥ። የማባዣ መሣሪያ በሌለበት ዘመን እያንዳንዱ ውል፣ እያንዳንዱ የክስ ማመልከቻ፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ በእጅ ይጻፋል፤ ለባላጋራ ይገለበጣል፤ ለፍርድ ቤት ይገለበጣል፤ ለቢሮው መዝገብ ይገለበጣል። ብራና ሲፍቅና ሲደጉስ የቆየ የእኛ የቆሎ ተማሪም መጽሐፍ በመገልበጥ ይማራል፤ ነገር ግን የቆሎ ተማሪ የገለበጠውን የሚያስነግረው መምህር አለው። የእንግሊዙ ተለማማጅ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት አለማግኘቱ በዕድል ነበር። ጥሩ ጌታ የገጠመው የመሬት ሕግን ከነሥሩ ያውቃል፣ ደንበኛን እንዴት እንደሚያዳምጡ ያያል። ሥራ የሚበዛበት ወይም ግድ የሌለው ጌታ የገጠመው ደግሞ ዘመኑን በቀለምና በወረቀት ይጨርሳል። ውሉ ለሁለቱም አንድ ነው። ጌታው የሙያውን ሥራ አስተምራለሁ ይላል፤ ልጁ እታዘዛለሁ፣ ምስጢር እጠብቃለሁ ይላል፤ አባት ወይም ሞግዚት ይፈርማል፤ ከቴምብሩ ቀረጥ በተጨማሪ ለጌታው የሚሰጥ በመቶ ፓውንድ የሚቆጠር ገንዘብ ይከፈላል። እንግሊዞች ፕሪሚየም ይሉታል። እጅ መንሻ ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም፣ በውሉ ላይ በግልጽ የተጻፈ ሕጋዊ ክፍያ መሆኑ እንዳለ ሆኖ። ለእነዚያ አምስት ዓመታት ደመወዝ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው።

በዚያው ክፍል ውስጥ ግን ደመወዝ የሚከፈለው ሌላ ጸሐፊ ተቀምጧል። ቻርልስ ዲከንስ በ1827 በ15 ዓመቱ ለንደን ግሬይስ ኢን በሚባለው ሰፈር ወደ አንድ የሕግ ቢሮ የገባው እንዲህ ያለ ተራ ጸሐፊ ሆኖ ነው። ተራው ጸሐፊ ሃያ ዓመት ቢገለብጥ፣ ጉዳዩን ከጌታው አብልጦ ቢያውቅ፣ ውል የለውምና አንዲት ቀን አትቆጠርለትም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሕጉ የሚፈልገው በሥራ ላይ የተገኘ እውቀት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጸሐፊዎች በአንድ ሚዛን በተመዘኑ ነበር። ዲከንስ ያየውን አልረሳም። ከ1849 እስከ 1850 ባሳተመው “ዴቪድ ኮፐርፊልድ” ውስጥ አክስቱ ለዴቪድ የፕሮክተርነት ልምምድ አንድ ሺህ ፓውንድ ትከፍላለች፤ ንብረቷ ሲጠፋ ዴቪድ ውሉ እንዲፈርስለት ቢለምንም ገንዘቡ አይመለስም። በዚያው መጽሐፍ የድኻ ልጅ የሆነው ዩራያ ሂፕ የልምምድ ውሉን የሚያገኘው በጌታው ችሮታ ነው፤ ለዚህም ውለታ ሳያቋርጥ አንገቱን እየደፋ ሲያመሰግን ይታያል። ዲከንስ ሂፕን ክፉ ሰው አድርጎ ስሎታል። ሆኖም ድኻ ወደ ሙያው ሊገባ የሚችለው በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ብቻ በሆነበት አገር አንገት መድፋት የጠባይ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በሩ የሚጠይቀው ክፍያ ነው።

ለዚህ ሥርዓት የሚቀርበው ብርቱ መከላከያ አደራ ነው። የሰው ርስትና ገንዘብ የሚይዝ ሰው ከተከበረ ቤተሰብ ቢመጣ፣ የሚያፍርበት ስም ቢኖረው፣ ለመግባት ብዙ የከፈለ በመሆኑም ቦታውን እንዳያጣ ቢጠነቀቅ ምን ክፋት አለው? ደግሞስ ቀረጡን የጣለው ገንዘብ የቸገረው መንግሥት እንጂ ሙያው አይደለም ይባላል። የሁለተኛው መልስ አጭር ነው፤ ቀረጡ የመንግሥት ይሁን እንጂ ፕሪሚየሙን የሚቀበለው ራሱ ባለሙያው ነበር። የመጀመሪያውን ግን በቁም ነገር መመርመር ይገባል። የአባት ሀብት የልጅን ታማኝነት የሚያረጋግጥ ቢሆን ኖሮ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል ማጣሪያ በኋላ ደንበኞች ገንዘባቸውን በሰላም አደራ በሰጡ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በ1901 ቀደም ሲል የሶሊሲተሮቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው የደንበኞችን ገንዘብ በማጥፋት ተፈረደበት። ሙያው መድኃኒቱን ያገኘው በመግቢያው በር አይደለም፤ የደንበኛ ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ያስገደደው ደንብ በ1935 ሲወጣና የተጎዱትን የሚክስ የጋራ ገንዘብ በ1941 ሕግ ሲቋቋም ነው። ታማኝነት በመቆጣጠር እንጂ በመከልከል አልተገኘም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ለውጥ የመጣው በ1836 ነው። ሶሊሲተሮች ከ1825 ጀምሮ ተሰባስበው በ1831 የንጉሥ ቻርተር ያገኙበት፣ በኋላም ሎው ሶሳይቲ ተብሎ የታወቀው ማኅበር በተሳተፈበት ሥርዓት፣ ተለማማጆች ከመመዝገባቸው በፊት የጽሑፍ ፈተና እንዲፈተኑ ሆነ። ማኅበሩ ከፈተናው ሌላ ትምህርትም ይሰጥ ነበር። ይህ ለሙያው ሊመሰገንበት የሚገባ ሥራ ነው፤ አስገዳጅ ሳይኖር በራሱ ላይ ፈተና ያኖረ የሙያ ማኅበር በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። በ1860 የወጣው ሕግ ፈተናውን ሦስት አደረገው፦ ከውሉ በፊት የጠቅላላ እውቀት፣ በመካከል አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ይኸው ሕግ አሥር ዓመት ያገለገለ ተራ ጸሐፊ በሦስት ዓመት ውል ብቻ እንዲገባ ፈቀደ፤ ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ግን ያው የሦስት ዓመት ዕድል ከ1821 ጀምሮ ተከፍቶላቸው ነበር። ምሩቁ ከሠራተኛው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ፈተናው የመጣው በውሉ ምትክ ሳይሆን በውሉ ላይ ተደርቦ ነው፤ ፈተናውን ሁሉ ሊያልፍ የሚችል ሰው ጌታ ካላገኘ ወደ ፈተናው ክፍል አይደርስም።

እዚህ ላይ የዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ስም መነሳቱ አይቀርም። አባቱን በሕፃንነቱ ያጣው ይህ ልጅ በሰሜን ዌልስ በአንዲት መንደር ጫማ ሠሪ አጎቱ አሳድጎት፣ በ1879 ፖርትማዶግ በምትባል ከተማ የልምምድ ውሉን ፈረመ፣ በ1884 ሶሊሲተር ሆነ፣ በ1916 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቃ። ጫማ ሠሪ ያሳደገው ልጅ ከገባ በሩ ተዘግቶ ነበር እንዴት ይባላል? እንዴት እንደገባ እንመልከት። የመጀመሪያው ፈተና የውጭ ቋንቋ ይጠይቃል፤ በመንደሩ ፈረንሳይኛ የሚያስተምር አልነበረም። አጎቱ ሪቻርድ ሎይድ የሰዋስው መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ይዞ፣ በዚያ ዕድሜው ቋንቋውን እየተማረ ልጁን አስጠናው። ለቴምብሩ ቀረጥ 80 ፓውንድና ለጌታው የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ የቤተሰቡን ቁጠባ ጨረሰው። ይህን ታሪክ ሳስብ የምደነቀው በልጁ ሳይሆን በአጎቱ ነው። በእያንዳንዱ መንደር እንዲህ ያለ አጎት ያስፈልጋል የሚል ደንብ ግን ሰፊ በር ሊባል አይችልም፤ የሎይድ ጆርጅ መግባት የቤተሰቡን ጽናት እንጂ የደንቡን ቸርነት አያስረዳም።

የሴቶቹ ጉዳይ ደግሞ ልማድ ራሱ እንዴት ማስረጃ ተደርጎ እንደሚቀርብ ያሳየናል። በኦክስፎርድ ሕግ ተምራ በአንደኛ ማዕረግ ፈተናዋን ያለፈችው ግዊኔት ቤብ፣ ዩኒቨርሲቲው በዚያ ጊዜ ለሴት ዲግሪ ስለማይሰጥ ያለ ዲግሪ ቀርታ ነበር። ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር የሎው ሶሳይቲን የመጀመሪያ ፈተና ለመፈተን ብትጠይቅ ተከለከለች፤ በ1913 ክስ መሠረተች። በእጇ የነበረው ጽሑፍ ቀላል አልነበረም። የ1843ቱ የሶሊሲተሮች ሕግ በወንድ ፆታ የተጻፈው ቃል፣ የነገሩ አገባብ ካልከለከለ በቀር፣ ሴትንም እንደሚያጠቃልል ራሱ ይናገራል። ፍርድ ቤቱ ግን በመጀመሪያም በይግባኝም ፈረደባት፤ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ሴት አተርኒ ሆና አታውቅም፣ ይህ የረዥም ዘመን ልማድ ሕጉ ምን እንደሆነ ያስረዳል የሚል ነበር። ከልክሎ ከልክሎ፣ መከልከሉን ራሱን የመከልከል ምክንያት ማድረግ ማለት ይህ ነው። ነገሩን የፈታው ዳኛ አይደለም፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 በፆታ ምክንያት ከሙያ መከልከልን ያስቀረው ሕግ ነው። በታኅሣሥ 1922 ካሪ ሞሪሰን የመጀመሪያዋ ሴት ሶሊሲተር ሆና ተመዘገበች። ከቤብ ጋር ከከሰሱት አንዷ፣ በኋላ ሞድ ክሮፍትስ የተባለችው፣ በዚያው ጊዜ ፈተናውን ካለፉት ሴቶች አንዷ ነበረች። ቤብ ራሷ ይህን አላየችም፤ ወደ ባሪስተርነት መንገድ ጀምራ ሳለ በ1921 ሞተች። ሕጉም ከተለወጠ በኋላ ቢሆን አንዲት ሴት የሚቀበላት ሶሊሲተር ማግኘት ነበረባት። ፓርላማ በሩን ሊከፍት ይችላል፤ ወንበሩ ግን በቢሮው ባለቤት እጅ እንዳለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ ቀስ ያለ ነው። በ1922 ተለማማጆች አንድ ዓመት በሕግ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ግዴታ መጣ። ፕሪሚየሙ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለዓመታት ቆይቶ ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ደመወዝም ቦታውን ያዘ። በ1990ዎቹ አሮጌው ስም ቀርቶ የሁለት ዓመት የሥልጠና ውል ተባለ፤ ከእርሱም በፊት ውድ የሆነ የአንድ ዓመት ኮርስ ገባ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ጠባቡ ቦታ ያው ነበር። ኮርሱን በብድር ጨርሰው፣ ፈተናውን አልፈው፣ የሥልጠና ውል የሚሰጣቸው ቢሮ በማጣት ብቻ ለዓመታት በረዳትነት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። የዲከንስ ተራ ጸሐፊ በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ።

ፈተና ብቻውን ሸምዳጅ ያፈራል፣ ከሰው ጋር መነጋገር የማያውቅ፣ እያለቀሰ አቤቱታ የሚያሰማ ባለጉዳይ ሲገጥመው የሚያደርገው የሚጠፋው ሰው ያወጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከራቸውም። ውል መጻፍ በመጽሐፍ ብቻ አይለመድም፣ ደንበኛው ሳይናገር የተወውን ነገር መስማትም እንዲሁ። ስለዚህ መፍትሔው ልምምዱን መጣል አይደለም። በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ የመጣው ሥርዓት ትክክለኛውን ቦታ የነካ ይመስለኛል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ፣ በሁለት ክፍል የሚሰጥ ማዕከላዊ ፈተና አለ፤ ከእርሱ ጋር የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ልምዱ ግን እስከ አራት በሚደርሱ ቦታዎች ሊሰበሰብ ይችላል፣ በረዳትነትም ሆነ በነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማእከል የተሠራው ሁሉ ሊቆጠር ይችላል። የሚያረጋግጠው ሶሊሲተር የሚመሰክረው ሥራው መሠራቱንና ሙያውን ለማዳበር ዕድል መስጠቱን ነው፤ ሰውየው ብቁ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚፈርደው ፈተናው ነው። ከ1729 ጀምሮ ተጣብቀው የኖሩት ሁለት ነገሮች እዚህ ተለያዩ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቀጥታ ገብተው ስድስት ዓመት ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚማሩበት ልምምድ አለ፤ ጥንታዊው አሳብ ያለ ፕሪሚየሙና ያለ ቴምብሩ ማለት ነው። ክፍያው አልጠፋም። ሁለቱ ፈተናዎች ሲጀመሩ በድምሩ 3,980 ፓውንድ ያስከፍሉ ነበር፤ ይህን መክፈል ለማይችል ሰው በሩ ዛሬም ከፊል ዝግ ነው፤ ሥርዓቱ ፍጹም ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም።

በለንደን፣ በማንችስተር ወይም በበርሚንግሃም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ በስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሲያስተረጉሙ፣ በነፃ የሕግ ማእከል ሰነድ ሲያዘጋጁ፣ በጠበቃ ቢሮ በረዳትነት ሲሠሩ የሚያሳልፉትን ጊዜ እንደ ከንቱ አትዩት። ማስተርጎም ብቻውን አይበቃም፤ የሕግ ሥራ የተሠራበት ቀን ግን ዋጋ አለው። የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሠሩ ከዛሬ ጀምረው ይመዝግቡ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሶሊሲተርም ጊዜው ሳይርቅ ያረጋግጥላቸው። ያ ወረቀት ዛሬ ይቆጠራል።